ቡችላው መኝታውን ሲያቆሽሽ ጥፋቱ የማን ነው?

እስቲ ይህን ምሽት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። እኩለ ሌሊት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህታችን ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ተመልሳ የአፓርትመንቷን በር ትከፍታለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ሽታው ይቀበላታል። በሳሎኑ ጥግ በተቀመጠው የሽቦ ሳጥን ውስጥ የሦስት ወር ቡችላ በገዛ ቆሻሻው ተለውሶ ጅራቱን እየቆላ ይጮኻል። ባለቤቷ ከአምስት ሰዓት በፊት ቤት ገብቷል። ነገር ግን “ውሻ ይግባ ያልሽው አንቺ ነሽ” ብሎ ተኝቷል። የስምንት ዓመት ልጃቸው ከእንቅልፏ ነቅታ በመኝታ ቤቷ በር ክፍተት “እማዬ፣ ቡቺን እንዳትመቺው” ትላለች።

እናት ምንም አልመለሰችም። እጅጌዋን ሰብስባ ሳጥኑን ወደ መታጠቢያ ቤት ጎተተችው። በሳምንት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። በልቧ ግን “ነገ ይህ ውሻ ከዚህ ቤት ይወጣል” አለች። ከውሻው ይልቅ በባልዋ ላይ የቋጠረችውን ደግሞ ጌታ ያውቀዋል።

ይህን ቤተሰብ የወሰድነው ለምሳሌ ነው፤ እንዲህ ያለው ምሽት ግን ቡችላ ላስገባ ቤት እንግዳ አይደለም። ታዲያ በዚያ ቤት ጥፋተኛው ማን ነው? ቡችላው? እናትየው? አባትየው? ወይስ ውሻ ይገዛልኝ ብላ ያለቀሰችው ልጅ? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ከግቢ ወደ ሳሎን

አብዛኞቻችን ባደግንበት አገር ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ይታሰራል፤ ማታ ይለቀቃል፤ ከማዕድ የተረፈውን ይበላል። የት እንደሚጸዳዳ ግን ማንም ተቀምጦ አስተምሮት አያውቅም። ግቢው ሰፊ ስለሆነ እሱ ራሱ ከሚተኛበት ራቅ ያለ ጥግ ይፈልጋል። ስለዚህ ከወላጆቻችን ልጅ ስለማሳደግ ብዙ ብንወርስም፣ ቡችላን በቤት ውስጥ ስለማሳደግ የወረስነው ነገር እምብዛም የለም። የወረስነው ምናልባት የእብድ ውሻን ፍርሃት ነው።

በአሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችን ግን ውሻን የሚያውቁት በሌላ መንገድ ነው። በጓደኛቸው ቤት ሶፋ ላይ ተኝቶ ያዩታል። ይለምናሉ፤ ያለቅሳሉ፤ በመጨረሻም አንድ የልደት ቀን ቡችላው ይመጣል። ግቢ የለም፤ ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓት ይሠራሉ። ሻጩም “ሳጥን ግዙለት፣ እዚያ ውስጥ አያቆሽሽም” ብሏቸው ይሄዳል።

“ለመሆኑ በአማኝ ቤት ውሻ ምን ይሠራል?” የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በመናቅ ነው። ይሁን እንጂ በማቴዎስ 15 የምናገኛት ከነናዊት ሴት ለጌታ የሰጠችው መልስ በማዕድ ሥር ስላሉ ውሾች ነበር፤ በግሪክኛው የገባውም ቃል ትንሽ ውሻን የሚያመለክት ነው። ምሳሌ 12፥10 ደግሞ የሰው ጽድቅ በእንስሳ አያያዙ እንኳ እንደሚታይ ያስተምረናል። እንግዲህ ውሻ ማስገባት ግዴታ አይደለም፤ “አንችልም” ማለትም ኃጢአት አይደለም። ካስገባነው ግን በአደራ የተቀበልነው ፍጡር ነው።

ሳጥኑ ምን ይችላል? ምን አይችልም?

ብዙዎቻችን “ኬጅ” የምንለው፣ አሜሪካውያን “ክሬት” የሚሉት ይህ ሳጥን የሚሠራው አንድ የተፈጥሮ ዝንባሌን ተከትሎ ነው። ቡችሎች በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናታቸው እየላሰች ታጸዳቸዋለች። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸውና መራመድ ሲጀምሩ ከሚተኙበት ወጣ ብለው መጸዳዳት ይጀምራሉ። ፈጣሪ በተኙበት እንዳይጸዳዱ የሚያደርግ ዝንባሌ አስቀምጦላቸዋል። ሳጥኑ መኝታቸው ሲሆን ወደ ውጭ እስኪወጡ ለመያዝ ይሞክራሉ።

ይሞክራሉ አልን እንጂ ይችላሉ አላልንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ መኝታ ቤት ነው፤ ሞግዚት አይደለም። ፊኛውን መቆጣጠር ያልቻለን ቡችላ የመያዝ አቅም አይሰጠውም።

አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የቡችላውን ዕድሜ በወር ቁጠሩና አንድ ጨምሩበት፤ ድምሩ ቢበዛ ሊይዝ የሚችልበት ሰዓት ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሦስት ሰዓት፣ የሦስት ወር ቡችላ አራት ሰዓት ማለት ነው። ይህም ጣሪያው ነው እንጂ የዕለት ልኩ አይደለም። ነቅቶ ሲጫወት ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ትናንሽ ዝርያዎችም ፊኛቸው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መውጣት አለባቸው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን ቤት ተመልሰን እንቁጠር። እናት በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 2፡00 ላይ ቡችላውን ሳጥን ውስጥ አስገብታ ወደ ሥራ ትሄዳለች። አባት ልጁን ይዞ ምሽት 6፡00 ላይ ይገባል፤ ሳጥኑን ግን አይከፍትም። እናት 11፡30 ትመለሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል! አራት ሰዓት ለመያዝ እንኳ የሚቸገር ፍጡር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተዘግቶበት “ለምን አቆሸሸ?” ብለን እንቆጣለን።

ሌሎች ምክንያቶች

ሰዓቱ ተስተካክሎም ቡችላው መኝታውን ማቆሸሹን ከቀጠለ፣ ከሚከተሉት አንዱን መርምሩ።

1. ሳጥኑ ሰፍቶታል። “ሲያድግ እንዲበቃው” ብለን ትልቅ እንገዛለን። ቡችላው ግን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ መጸዳጃ ያደርገዋል። ሳጥኑ ሊቆምበት፣ ሊዞርበትና ተዘርግቶ ሊተኛበት ብቻ የሚበቃ ይሁን። ትልቅ ከገዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ በሚመጣው መከፋፈያ አጥብቡት፤ ሲያድግ እያሰፋችሁ ሂዱ።

2. ታሟል። ቀደም ሲል ደህና የነበረ ቡችላ በድንገት ከጀመረ፣ ቶሎ ቶሎና ጥቂት ጥቂት ከሸና፣ ተቅማጥ ካለው ወይም ተኝቶ ሳለ ሳያውቀው ሽንት የሚያመልጠው ከሆነ ሥልጠናው ይቆይ፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የአንጀት ትላትልና ጃርዲያ በቡችሎች ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው። አንዳንድ ቡችሎች ደግሞ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሽንት ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብባቸው በትውልድ በመጣ ችግር ነው። ትኩስ ዓይነ ምድር በላስቲክ ይዛችሁ ብትሄዱ ምርመራው ይቀላል።

3. በቆሻሻ ውስጥ ነው ያደገው። ለሽያጭ ብቻ በብዛት በሚራቡበት ስፍራ ቡችሎች በጠባብ ሽቦ ቤት ይኖራሉ። በሚተኙበት ለመጸዳዳት ስለሚገደዱ ያ የተፈጥሮ ዝንባሌ ይደነዝዛል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የእንስሳት መደብሮች ውሾችንና ድመቶችን እንዳይሸጡ የከለከለችው እንዲህ ያለውን ርቢ ለመግታት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቡችላ ሳጥኑን ለጊዜው ተዉት። ወለሉ በቀላሉ በሚታጠብ ጠባብ ስፍራ፣ በአንድ ወገን መኝታውን፣ በሌላ ወገን የሽንት ፓድ አድርጉለት። ዝንባሌው ሲመለስ በንጹሕ ሳጥን እንደገና ጀምሩ። ውሻ በሚበላበት መጸዳዳት ስለማይወድ ምግቡን በሳጥኑ ውስጥ፣ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ስጡት።

4. ብቸኝነት ያስፈራዋል። የሚያቆሽሸው ብቻውን ሲቀር ብቻ ከሆነ፣ ከዚያም ጋር ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ያለማቋረጥ የሚያላዝን፣ ሽቦውን የሚነክስና የሚቧጥጥ ከሆነ ይህ ጭንቀት ነው። በሩን ዘግቶ መሄድ ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ሐኪም አማክሩ፤ ብቸኝነቱንም ከደቂቃዎች ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አስለምዱት።

5. መኝታው ይመጥጣል፤ ሽታው ቀርቷል። ወፍራም ብርድ ልብስ ሽንቱን ስለሚመጥለት ቡችላው እርጥበቱ አይሰማውም። ለጥቂት ሳምንታት አንሱለት ወይም ስስ ጨርቅ አድርጉለት። የጸዳ የመሰለን ሳጥንም ለውሻ አፍንጫ አልጸዳም። የሽንትን ሽታ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያለበትን የቤት እንስሳት ማጽጃ ተጠቀሙ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽታው ሽንት ስለሚመስለው “እዚህ ነው” ይለዋል። በረኪናንም በሽንት ላይ አታፍስሱ፤ የሚፈጠረው ጋዝ ለእናንተም ለልጆቻችሁም ጎጂ ነው።

ከነገ ጠዋት ጀምሮ

ዕቅዱ ቀላል ነው፤ መጽናቱ ነው የሚከብደው። ቡችላው ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ በበላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ውኃ እንደጠጣ፣ ጨዋታ እንዳበቃ፣ ሳጥን ከመግባቱ በፊትና እንደወጣ ወደ ውጭ ይውጣ። ትንሽ ከሆነ ከሳጥኑ እስከ በሩ ተሸከሙት፤ መንገድ ላይ እንዳያመልጠው።

ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ፣ በገመድ ይዛችሁ ውሰዱት። ቆማችሁ ጠብቁ፤ በስልክ አትጫወቱ። እንደጨረሰ እዚያው፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ አመስግኑትና ትንሽ የሚበላ ነገር ስጡት። ቤት ገብታችሁ ብትሰጡት ለመግባቱ የተሰጠው ይመስለዋል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት ስፍራ ፓርቮ የተባለው ገዳይ በሽታ ሊይዘው ስለሚችል፣ ቦታውን ከሐኪማችሁ ጋር ተመካክራችሁ ምረጡ።

ምግቡን ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አታስቀምጡ። በቀን ሦስት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ሲበላ የሚወጣበትም ሰዓት ይታወቃል። ቀን ውኃ አትከልክሉት፤ ማታ ግን ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት ገደማ በፊት ሳህኑን አንሱ። ሌሊት አንድ ጊዜ በማንቂያ ደወል ተነሥታችሁ፣ መብራት ሳታበዙና ሳታጫውቱት አውጡት፤ ከዚያ መልሳችሁ አስተኙት። ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሞላው ይህ ሌሊት መነሣት ለብዙዎቹ ያበቃል።

ማንም ቤት በሌለበት ሰዓትስ? ለስሌቱ ሰው ፈልጉለት። አቅም ካለ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ይቀጠራል። ከሌለም በአቅራቢያችሁ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን እህት ወይም ጎረቤት አሥር ደቂቃ ትሰጣችሁ ይሆናል። ልጅ ታቅፈን “ያዙልን” ማለት ካላሳፈረን ይህንንም መጠየቅ አያሳፍርም።

ልጆቻችሁም ቡችላውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ቆሻሻውን ግን አዋቂ ያንሣ። ቡችሎች ከእናታቸው የሚወስዱት የአንጀት ትል ወደ ሕፃናት ሊተላለፍ ስለሚችል የትል መድኃኒቱንና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ አስፈጽሙ።

ቁጣ ለምን አይሠራም?

“አፍንጫውን በቆሻሻው ላይ አሹት፤ ሁለተኛ አይለምደውም” የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አታድርጉት። ቡችላው የሚያገናኘው አሁን የሆነውን ከአሁን ጋር ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ያደረገውን ከእናንተ ጩኸት ጋር አያዛምደውም። የሚማረው “ሰዎቼ ከውጭ ሲገቡ አደገኞች ናቸው” የሚለውን ነው። ሲያዩት እንዳይጸዳዳም ይማራል፤ ከዚያ ውጭ ስታወጡት ይይዝና ቤት ሲገባ ከሶፋው ጀርባ ይሸሸጋል። አንገቱን ሲደፋ “ጥፋቱን አውቋል” እንላለን፤ እሱ ግን ያወቀው ፊታችንን ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ውሾች በቅጣት ሳይሆን በሽልማት እንዲሠለጥኑ መክሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስቡ እንለምናችኋለን። በዚያ ምሽት በበሩ ክፍተት ቆማ የነበረችውን ልጅ አስታውሱ። እሷ የምታየው ውሻውን ብቻ አይደለም። “በዚህ ቤት አንድ ሰው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሲሳሳት ምን ይደረግበታል?” የሚለውን ጥያቄ እያነበበች ነው። ነገ በትምህርቷ ስትወድቅ፣ ወይም ሌሊት አልጋዋ ሲርስባት፣ እውነቱን ይዛ ወደ እናንተ መምጣቷ ወይም አንሶላውን መደበቋ ዛሬ ማታ በምታየው ይወሰን ይሆናል።

ከሳጥኑ በስተጀርባ ያለው ሳጥን

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ጥፋቱ የማን ነው? የቡችላው አይደለም። ልጅቷም ልጅ ናት። ሰዓቱን በትክክል ከቆጠርን፣ በዚያ ቤት ከ6፡00 እስከ 11፡30 ድረስ አንድ አዋቂ ሰው ከሳጥኑ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ውሻው በሩን እየቧጠጠ ጠርቶታል። እሱ ግን “የእኔ አይደለም” ብሏል።

ወንድሞች፣ አትቆጡን። ያ አባት ሰነፍ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የገባ ነው። ሳይጠየቅ በተወሰነ ነገርም ተከፍቷል፤ ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው። እህታችንም ባለቤቷ “አይሆንም” እያለ ልጇን ማስደሰት ስለፈለገች ብቻ ቡችላውን ማስገባቷ ስህተት ነበር። ነገር ግን ቅሬታው በአፍ አልተነገረም፤ በተዘጋ ሳጥን ተነገረ። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ መናገር የማይችለው ቡችላና ከሥራ ደክማ የምትገባው ሚስት ናቸው። ስንቶቻችን ነን በቤታችን ውስጥ “የአንቺ ነው”፣ “የአንተ ነው” ብለን የዘጋነው ሳጥን ያለን? የሂሳብ ክፍያ፣ የአማት ጉዳይ፣ የልጅ የቤት ሥራ ሊሆን ይችላል። ማንም ሳይከፍተው ሲቀር ይሸታል። ጳውሎስ በገላትያ 6 ሸክማችንን እንድንካፈል ያዘዘው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ብቻ እንድንኖረው አይመስለንም።

በምሳሌያችን ቤት ነገሩ የተለወጠው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ቡና ፈልቶ ባልና ሚስት ይቀመጣሉ። እሷ “ሳልጠይቅህ መወሰኔ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ” ትላለች። እሱም ቡናውን እያየ ጥቂት ዝም ይልና “እየሰማሁት ነው የተኛሁት፤ አንቺም ይቅር በይኝ” ይላል። ከዚያም ወረቀት አውጥተው ሰዓቱን ይከፋፈላሉ። 2፡00 ላይ እሷ አውጥታው ትሄዳለች። 4፡00 ላይ ጎረቤታቸው ታወጣዋለች። 6፡00 ላይ እሱ ኮቱን ሳያወልቅ ያወጣዋል፤ ልጅቷ ምግቡን ትለካለች፤ ከምግቡም በኋላ አባትና ልጅ አብረው ይዘውት ይወርዳሉ። ከመተኛቱ በፊት አንዴ ደግሞ ያወጣዋል። ሌሊቱን በየተራ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ስህተት አያልፍም። ሁለት ቀን ሳጥኑ ይቆሽሻል። ልዩነቱ ግን አንደኛውን ቀን የሚያጥበው አባትየው መሆኑ ነው። በሦስተኛው ሳምንት እህታችን ከሥራ ስትመለስ ሽታ አይቀበላትም፤ ባልዋ ሻይ አስቀምጦላት፣ ቡችላው በደረቅ መኝታው ላይ ተኝቶ ታገኘዋለች።

ምናልባት እናንተ ሰዓታችሁን ቆጥራችሁ “በዚህ አኗኗር ቡችላ ማሳደግ አንችልም” ወደሚል መደምደሚያ ትደርሱ ይሆናል። ይህም የታመነ መልስ ነው። ለልጃችሁ በግልጽ ንገሯት፤ ከእናንተ የተሻለ ጊዜ ያለው ቤተሰብ ፈልጉለት ወይም ውሻ በማሳደጊያ ድርጅት በኩል ቤት እንዲያገኝ አድርጉ። በሳጥን ተዘግቶ ከሚያድግ ይህ ይሻለዋል።

ካቆያችሁት ግን ዛሬ ማታ ከመቆጣታችሁ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ። ከዚያም ባልና ሚስት ተያያችሁ “እኔ የትኛውን ሰዓት ልውሰድ?” ተባባሉ። ትዕግሥት የመንፈስ ፍሬ ነው ብለን በእሑድ የተማርነውን ጌታ በማክሰኞ እኩለ ሌሊት፣ በላስቲክ ጓንትና በባልዲ፣ እንድንለማመደው ያደርገናል። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።